ደሴ አበባ አይሆንም ያለው ሰውና የመለሱለት

ክሩን፣ ማለትም ከአንድ ፖስት ሥር በመልስ የሚቀጥለውን የኢንተርኔት ወሬ፣ የከፈተው ከኮምቦልቻ ለሥራ ወደ ደሴ የተዛወረ ሰው ነው። ሆጤ አካባቢ ቤት ተከራይቷል። ሲመጣ አበቦቹን ከነአፈራቸው በአይሱዙ ጭኖ ነው የመጣው። ቡገንቪሊያ፣ ሂቢስከስ፣ ሁለት ሦስት ጽጌረዳ፣ ሁሉም በቀለም ባልዲና በተቆረጠ ጀሪካን የተተከሉ። መስከረምና ጥቅምትን ደህና አለፉ። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት በሩን ሲከፍት ግን ሂቢስከሱ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ጠበቀው። ከዚህ በኋላ ፖስቱ ብሶት ብቻ ነው። የደሴ ብርድ ለሰውም አልሆነ እንኳን ለአበባ፣ የአበባ አገር ኮምቦልቻ ነው፣ ደሴ ላይ አበባ መትከል ከንቱ ድካም ነው ይላል። መጨረሻ ላይ ግን ጥያቄ አስከተለ። ጠዋት ቡናው እስኪፈላ አበቦቹ መሃል መዞር ለምዶ ነበር፤ አሁን የሚያየው የብሎኬት አጥር ነው። ደሴ ላይ ውርጭ ችሎ የሚያብብ ነገር ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ ብሎ ለቀቀው።

እኔ ክሩን ያገኘሁት መልሱ ስልሳ ካለፈ በኋላ ነው። ሁሉንም አነበብሁት። ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ ጥሩ ጥሩውን፣ ከጠቡም ትንሽ ቀንጨብ አድርጌ፣ በቁጥሩ ተራ አወራችኋለሁ።

1ኛው መልስ እንደተለመደው ለስድብ ትንሽ የቀረው ነው። የደሴ ልጅ መሆኑ ከመጀመሪያው ቃል ያስታውቃል። ከተማችን ካልተስማማህ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ መንገድ ክፍት ነው፣ ቁልቁል ውረድ አለና ዘጋው። ስለ አበባ አንድም ቃል የለውም። ብዙ ላይክ ያገኘው ግን እሱ ነው። ምን ይደረጋል።

ቁጥር 2 ቧንቧ ውሃ የሚባለው የደሴ ሰፈር የምትኖር ሴት ናት። ወንድምዓለም አብሽር ብላ ጀመረች። ከክሩ ሁሉ የሚጠቅመውን ነገር የተናገረችው እሷ ይመስለኛል። ብርድ ሁሉ አንድ አይደለም አለች። ገዳዩ ውርጭ ነው። ውርጭ የሚጥለው ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ በሚቆጠርበት፣ ነፋስም በሌለበት ሌሊት ነው። ደመና ካለ መሬቱ ቀን የያዘው ሙቀት ቶሎ አያመልጥም። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው፤ እንደ ልቡ ቁልቁል ይወርድና ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋቱ ላይ ያለ ቤትና ወደ ቦርከና ወንዝ ዝቅ ያለ ቤት እኩል አይመቱም። ማታ ማታ በጆንያ ወይም በአሮጌ ጋቢ ሸፍን፣ ፀሐይ ስትወጣ ግለጥ። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ደግፈው፤ ላስቲኩ የነካው ቅጠል መቃጠሉ አይቀርም። ቀን ላይ አፈሩን ትንሽ አጠጣው፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የተሻለ ሙቀት ይይዛል። የተቃጠለውን ቅጠል ደግሞ አሁን አትቁረጥ፣ ጥር ይለፍ። የደረቀው ከሥሩ ያለውን ይከልልለታል። ቶሎ ከቆረጥከው አዲስ ቡቃያ ያወጣል፣ ያም ቡቃያ በሚቀጥለው ውርጭ ይሄዳል።

በ3 የክሩ ባለቤት ራሱ መጣ። ቤቱ እውነትም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሂቢስከሱን ግን ነቅሎ ጥሎታል። ጽጌረዳዎቹ ምንም አልሆኑም፣ እሱም ገርሞታል።

ቁጥር 4 ግብርና ያጠና ሰው ሳይሆን አይቀርም። አልተናገረም፣ አጻጻፉ ግን ያሳብቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እና በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በታች በሚያስኬድ መንገድ ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ ልዩነት አለ። ለሰው አንድ ሹራብ ነው፤ ለሂቢስከስ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። እዚህ ድረስ ኮምቦልቻዎች ደስ ብሏቸው ነበር። ቀጥሎ ግን ነገሩን ገለበጠው። ጽጌረዳ ደጋውን ይወዳል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ በዚህም እምቡጡ ይተልቃል፣ ዘንጉም ይወፍራል። ዝቅ ሲል ቶሎ ቶሎና ብዙ ያብባል፣ ራሱ ግን ያንሳል። ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ የአበባ እርሻዎች ሆለታ ላይና ዝዋይ ላይ የሚተክሉት የጽጌረዳ ዓይነት የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የቆላውን ተክል ለቆላው ትተህ ደሴ ላይ ደሴ የምትወደውን ትከል አለው።

ከ5 እስከ 8 ያለው የተለመደው የሁለቱ ከተማ ልፊያ ነው። 5 ግቢው ውስጥ ያለው ቡገንቪሊያ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ጣሪያውን እንደሸፈነ ነገረን። 6 ኮምቦልቻ ላይ በደንብ የሚያብበው ወባ ነው አለ። 7 ደሴ ላይ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፈው ጉንፋን ነው ብሎ መለሰ። 8 ደግሞ ደሴ አውሮፕላን ማረፊያዋን ኮምቦልቻ አስቀምጣ በምን አቅሟ ትጣላለች ብሎ ጠየቀ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ይቺ 8ኛዋ ትንሽ ቆንጠጥ አድርጋኛለች።

9 ላይ የመጣው ሰው ሁለቱንም ወገን አረመ። ቡገንቪሊያ ደሴ ላይ አይሆንም ማለት ስህተት ነው አለ። እሱ ፒያሳ አካባቢ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ የድንጋይ ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ተክሎታል። ድንጋዩ ከሰዓት በኋላ የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳል። ሁለተኛው ነገር ሰዎች ቡገንቪሊያን ሲወዱት ያበዙታል፤ ውሃ በውሃ፣ ፍግ በፍግ። እሱ ደግሞ ሲጠግብ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ፀሐይ ስጠው፣ ትንሽ አስጠማው። ሦስተኛ፣ ያ ቀይና ወይን ጠጅ የምናደንቀው ነገር አበባው አይደለም፣ ቅጠል ነው። 10 ይህን አላምንም አለ። 9 ፎቶ ይዞ ተመለሰ። አንዱን በጣቱ ፈልቅቆ አሳየን። በሦስቱ ቀለማም ቅጠሎች መሃል ሦስት ቀጫጭን ነጫጭ ቱቦዎች አሉ፣ ጫፋቸው ላይ ትንሽ የተከፈተ ኮከብ አላቸው። አበባው ያ ነው። ስንት ዓመት ስናየው ኖረን ይህን አላየንም።

11 እትዬ ናቸው። እንዲህ የምላቸው ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሰው ሁሉ እትዬ እያለ ስለመለሰላቸው ነው። ልጄ ዳሊያ ትከል አሉት። ሲዳሩ ከአማታቸው የወሰዱት ዳሊያ ዛሬም ሰኞ ገበያ ካለው ቤታቸው አለ። ክረምቱ ሲጋመስ ይጀምራል፣ መስከረምና ጥቅምት ግቢውን ይሞላዋል። ውርጩ ሲመጣ ላዩ ይከስላል፤ እሳቸው ከመሬት አንድ ጋት አስተርፈው ይቆርጡትና ገለባ ያለብሱታል። ሥሩ ተኝቶ ይከርማል፣ ዝናብ ሲል ይነሳል። ከዚያ ሥር ያልወሰደ ጎረቤት የለም፤ ሸዋ በር ድረስ ሄዷል።

12 ሥሩ እንዴት እንደሚካፈል ጠየቃቸው። እሳቸው ሳይመልሱ 13 ጥልቅ አለና ድንች በለው፣ ቆራርጠህ ቅበር አለ። እዚህ ላይ 14 ተቆጣ፤ ቁጣው ግን ትክክል ነው። ድንች ዓይኑ በገላው ሁሉ ላይ ተበትኗል። የዳሊያ ሥር ገላው ላይ አንድም ዓይን የለውም። ዓይኑ ያለው አንገቱ ላይ፣ ከአሮጌው ግንድ ጋር በሚጋጠምበት ነው። ስለዚህ ሲካፈል እያንዳንዱ ሥር ከግንዱ ትንሽ ቁራሽ ይዞ መሄድ አለበት። አንገቱ የተቀነጠሰ ሥር የፈለገ ያህል ቢወፍር አይበቅልም፣ እዚያው ይበሰብሳል። ጭቃውን በውሃ አጥቦ፣ ብርሃን ላይ አንገቱን እያገላበጡ ማየት ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ሐምራዊ እብጠት ከታየች እሷ ናት ዓይኑ። ካልታየች ጥቂት ቀን እርጥብ ጆንያ ውስጥ ማቆየት፤ ራሷ ታብጣለች። እትዬ በ16 ብቅ ብለው ልጁ ልክ ነው አሉ። 13 አልተመለሰም።

መሃል ላይ 15 የቡና አተላ ሁሉንም አበባ ያሳምራል ብሎ ነበር። እንደኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ለሚጠጣ አገር ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን ማረሚያ መጣበት። እርጥቡ አተላ በወፍራሙ ከተደፋ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም፣ ይሻግታልም። በስሱ በትኖ ከአፈሩ ጋር ማደባለቅ ወይም ከፍግ ጋር አብሮ ማብላላት ነው የሚሻለው።

ጠቡ የተነሳው 17 ላይ ነው። ሰውየው ክሩን ሁሉ አንብቦ የመረረው ይመስላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ጀሪካን ተሸክሞ የሚገዛ ሰው ባለበት ከተማ አበባ ማጠጣት ቅንጦት ነው አለ። መሬት ያለው ሽንኩርት ይትከል፣ ቃሪያ ይትከል፤ አበባ አይበላም። 18 ውሃውን አንተ አልገዛህልኝ ብላ ጮኸች። 19 ምን እንዳለ አላውቅም፣ ተሰርዟል። 20 ግን ቀዝቀዝ ያለ ሰው ነው፤ ክርክሩን ትቶ ስለ ውሃው አወራ። ሩዝና አትክልት የታጠበበት ውሃ ያለ ስጋት ለአበባ ይሆናል። ልብስ የታጠበበት አልፎ አልፎ ከሆነ ያስኬዳል፣ ሁልጊዜ ከሆነ ግን አፈሩ ውስጥ ጨው ይጠራቀማል። በረኪና የነካው ውሃ ፈጽሞ አይሆንም። ማጠጣትም ጠዋት ከሥሩ ነው፣ ቅጠሉ ላይ አይደለም። በተለይ ክረምት፣ ያ የደሴ ጉም ቀኑን ሙሉ ሳይገለጥ ሲውል፣ እርጥብ ያደረ የጽጌረዳ ቅጠል ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣና ይረግፋል። የረገፈውን ለቅሞ ማራቅ ነው፤ በሽታው እሱ ላይ ይከርማል።

22ኛው መልስ የጋሼ ነው። ሰላምታቸው ብቻ አንድ አንቀጽ ይሆናል። ወሎ ቤት ውስጥ የሚበላው፣ የሚሸተውና የሚታየው ተለያይቶ አያውቅም አሉ። ጽጌረዳው ሥር አሪቲ አለ፣ ከአሪቲው ጎን ጤና አዳም፣ አጥሩ ጥግ ጠጅ ሳርና በሶብላ። ጤና አዳሙ ለቡና ነው። አሪቲው ለበዓልም ለዱዓም ይቀጠፋል፤ ጎረቤት በአጥር ተጣርቶ ይወስዳል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። ሽንኩርትህን ስትተክል ዳሩ ላይ አንድ ጽጌረዳ ቢቆም ምን ይጎዳሃል ልጄ ብለው 17ን ጠየቁት።

ያልጠበቅሁት ነገር፣ 17 በ23 ተመለሰ። ድምፁ ሌላ ሆኗል። ጋሼ ይቅርታ አለ። ለካ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሽንኩርትም አበባም የሚተክልበት መሬት የለውም። በረንዳ አለኝ፣ ግን ለልብስ ማስጫ እንኳን አይበቃም አለ። ከዚህ በኋላ ሰውየውን ሲሰድብ የነበረው ሁሉ መካሪው ሆነ። ጄራንየም የሚለው አሸነፈ። ከደቡብ አፍሪካ ደረቅ አገር የመጣ ስለሆነ ውሃ መርሳትን ይችላል። ቅርንጫፉን ቆርጦ፣ ወዲያው ሳይተክሉ አንድ ቀን ጥላ ላይ ማሳደር ነው፤ ቁስሉ ይደርቅለታል። ከዚያ ከታች በምስማር የተበሳ የኒዶ ጣሳ ውስጥ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ላይ። ቀዳዳ የሌለው ጣሳ ውስጥ የሞተ ጄራንየም የብርድ ሳይሆን የውሃ ሟች ነው።

25 አጭር ናት፣ እኔ ግን ወደድኋት። የሌሊት ተረኛ ናት፣ የት እንደምትሠራ አልተናገረችም። ጠዋት ቤት ስትገባ ከመተኛቷ በፊት የጠወለጉትን ጽጌረዳዎች ትቆርጣለች። ስልኳን አታይም፣ ከማንም ጋር አታወራም፣ መቀስ ብቻ። ደስታዋ ያ ነው። የጠወለገውን አንገቱ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ወርዶ አምስት አምስት ቅጠል ያለው ዘንግ ጋ ሲደርሱ መቁረጥ ነው ብላ ጨመረች፤ እዚያ ያለው ዓይን ጠንካራ ዘንግ ያወጣል። ካልተቆረጠ ተክሉ ፍሬ ሊያፈራ ይዞራል፣ ሌላ አበባ ማምጣቱን ይተዋል። 26 ይህ ሥራ እንጂ ደስታ አይደለም አለ። ማንም አልመለሰለትም፤ ምናልባት እንዲህ ያለ ሰው መቀሱን ቢሰጡት ይሻል ነበር።

27 ሲመጣ ክሩ ድምፁን ቀየረ። ጸሐፊዋ በ2014 ጥቅምት መጨረሻ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ከቤተሰቧ ጋር ከደሴ የወጣች ናት። የተመለሱት ታኅሣሥ ላይ ነው። በሩ ተሰብሯል፣ ዕቃ የሚባል የለም። በረንዳው ላይ ያለው ጄራንየም ግማሽ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሁለት ቀይ አበባ ይዞ ቆሟል። እናቷ ወደ ቤት ሳትገባ ውሃ ፍለጋ ሄደች። ልጅቷ ያኔ በጣም ተናዳ ነበር፤ ቤቱ እንዲህ ሆኖ አበባ ይታይሻል ብላ። አሁን ራሷ ናት የምታጠጣው። ከዚህ ሥር ሁለት ሦስት ሰዎች ጉዳዩን ወደ ፖለቲካ ሊጎትቱት ሞከሩ፣ አስተዳዳሪው ቶሎ አጠፋው። ጥሩ አደረገ።

31 ላይ ከኮምቦልቻ ዳር የሆነች ልጅ ፎቶ ለጠፈች። ባልዲዋ ውስጥ ሳትተክለው የበቀለ፣ ቅጠሉ የተበጣጠሰ፣ ጥቃቅን ነጭ አበባ ያለው ተክል ነው። ቆንጆ ነው፣ ስሙ ምንድነው አለች። 32 ማሻአላህ አላት። 33 በጩኸት ገባ። ንቀዪው፣ አሁኑኑ ንቀዪው፣ ቅንጨ አረም ነው! ልጅቷ ደነገጠች መሰለኝ፣ ለምን ትቆጣኛለህ አለችው። 34 ረጋ ብሎ አስረዳት። ከአሜሪካ ምድር የመጣ አረም ነው፣ እዚህ የራሱ ጠላት ስለሌለው ሜዳውንም ማሳውንም ወርሶታል። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ይበትናል። ቆዳ ያሳክካል፣ ብናኙ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል፣ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል። ሳያብብ በእርጥብ አፈር፣ በጓንት ወይም እጅን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከነሥሩ መንቀል ነው። ካበበ ወዲያ መነቅነቅ ዘሩን መዝራት ነው። ልጅቷ የተነቀለውን ፎቶ አንስታ 36 ላይ ለጠፈች። 33 ይቅርታ እህቴ፣ የአባቴን ማሳ ስላበላሸው ነው አለ።

ከ37 እስከ 41 ሰዉ ወፍ ላይ ሄደ። አንዱ ጽጌረዳዬ ላይ ሃሚንግበርድ መጣች ብሎ ቪዲዮ አሳየ። ምንቁሯ ረጅምና ቆልመም ያለ፣ ላባዋ ፀሐይ ሲነካው የሚያብለጨልጭ ወፍ ናት። ሃሚንግበርድ ከአሜሪካ አህጉሮች ውጭ የለችም ብለው አረሙት። ይቺ ሰንበርድ የሚሏት ሌላ ወገን ናት፤ እንዲያውም ከደጋዎቹ አንዷ ዝርያ ሳይንሳዊ ስሟ ውስጥ ተከዜ ወንዛችን አለ። ቪዲዮ ያነሳው ሰው የመጣችው ለጽጌረዳው ሳይሆን ክሽክሹን ለመልቀም ነው ሲባል ትንሽ ቅር አለው። ክሽክሽ እምቡጡ አንገት ላይ የሚሰፍረው ያ አረንጓዴ ነፍሳት ነው። መድኃኒት አትርጩበት፣ ወፏም ንቡም ይጎዳሉ አለ 41። በጣት ጠርጎ መጣል፣ ከበዛ ስስ የሳሙና ውሃ፣ ሲመሽ።

42 አደይ አበባን ባልዲ ውስጥ ማቆየት ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። አደይ በየዓመቱ ከዘሯ የምትበቅል ናት፣ ካፈራች በኋላ ትሞታለች፣ አትጠብቃት ተባለ። ዘሯን ስትደርቅ ሰብስቦ በዝናብ መግቢያ መበተን ነው።

43 ተከራይ ነው። ሁለት ዓመት ያሳደገውን የጽጌረዳ መስመር አከራዩ ሰርቪስ ቤት ልሠራ ነው ብሎ አንድ ከሰዓት በኋላ አስነቀለው። 44 የራስህን ቤት ሥራ ብሎ መለሰለት፣ ልክ ቤት መሥራት አበባ እንደመትከል የሚቀል ይመስል። እዚህ ላይ እኔም ሳልጽፍ መለስ አልሁ፤ ከ44 ጋር መጨቃጨቅ ለማንም አይጠቅምም። 45 ግን ለተከራይ ጥሩ ምክር ሰጠው። መሬት ላይ አትትከል፣ ባልዲ ላይ ትከል። ደግሞም ከያንዳንዱ ተክል አንድ ቁራጭ ጎረቤት ቤት ይኑርህ። ሲነቀልብህ ከጎረቤት ትመልሰዋለህ።

ይህ ነው ወደ ቁራጭ ወሬ የወሰደን። 46 በቪዲዮ ያየውን አመጣ። የጽጌረዳ ዘንግ ድንች ላይ ሰክቶ መቅበር። 47፣ 48፣ 49 በየተራ ሳቁበት። ድንቹ ይበሰብሳል፣ ወይ ድንቹ ራሱ ይበቅልና ድንች ታመርታለህ አሉት። ደህናውን መንገድ 50 ነገረው። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ አብቦ የጨረሰ ዘንግ ምረጥ። አንድ ስንዝር አድርገህ ቁረጥ። የታችኛውን ጫፍ ከዓይኑ ሥር ሰያፍ፣ የላይኛውን ቀጥ አድርገህ፤ ያኔ የቱ ሥር የቱ ራስ እንደሆነ አይጠፋብህም። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ተው። ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበር፣ አፈሩን በእጅህ አጥብቀህ ተጫን፣ ጥላ ላይ አኑር። ሐምሌ ላይ ከሆነ ዝናቡ ይጨርስልሃል። ቶሎ ቅጠል አወጣ ብለህ ደግሞ አትደሰት፤ ዘንጉ የያዘውን ስንቅ እየበላ ነው። ሥር ማውጣቱን ለማወቅ አትንቀለው፣ በቀስታ ሳብ አድርገው፤ ከያዘህ ይዟል።

ከ52 በኋላ ክሩ ክር መሆኑ ቀርቶ ገበያ ሆነ፤ ገንዘብ የሌለበት ገበያ። የክሩ ባለቤት መጣና ከኮምቦልቻው ቤቱ የቀረ ነጭ ቡገንቪሊያ እንዳለ፣ የሚፈልግ ቁራጭ ማስላክ እንደሚችል ነገረ። እትዬ ለእሱ አንድ የዳሊያ ሥር ይዘውለታል፤ ይምጣና ይውሰድ፣ ቡናም ይጠጣል አሉ። 9 ግድግዳውን መጥቶ እንዲያይ ጋበዘው። 17 ጄራንየም ጠየቀ፤ 27 እናቴ ቆርጣ ትጠብቅሃለች አለችው። የኮምቦልቻዋ የቅንጨ አረሟ ልጅ ቀይ ጽጌረዳ ከደሴ ፈለገች፣ ደሴ ላይ የሚተልቀው ኮምቦልቻም ይተልቅ እንደሆነ ልታይ። 4 አይተልቅም፣ ግን ሞክሪ አላት። ደሴ ተወልጄ ስኖር አበባ በገንዘብ ገዝቶ ግቢው የተከለ ሰው ብዙም አላየሁም። ያየሁት ሁሉ ከአንዱ አጥር ተቆርጦ የተሻገረ ነው፤ ሲሰጡም ጀባ ብለው ነው የሚሰጡት።

የቀረው ማጓጓዣው ነበር። 58 ቁራጩን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በፌስታል አድርጎ በሚኒባስ መላክ ይቻላል አለ። 59 ረዳቶቹ የዕቃ ሒሳብ ይጠይቃሉ አለ። 60 ለአንድ ቅርንጫፍ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። 61 አንዴ ባልዲ ይዞ ሲሳፈር የሰው ዋጋ እንዳስከፈሉት ተናገረ፤ ባልዲውም ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሄደው። ለሦስት አራት መልስ ያህል ረዳቶች ተወቀሱ። ከዚያ 65 ላይ ራሱ ረዳት የሆነ ልጅ ጻፈ፣ በዚያው መስመር ነው የሚሠራው። ባልዲ ቦታ ስለሚይዝ ይከፈልበታል፣ በፌስታል ያለ ቁራጭ ጋቢና ላይ በነጻ ይሄዳል አለ። ደግሞ ለእናቱ ከዚያ ዳሊያ ይደርሰው እንደሆነ ጠየቀ።